እትዬ ውዴን ያሻገረው ዥዋዥዌ

ባለፈው ቅዳሜ ዶሮ ልገዛ ፍኖተ ሰላም ገበያ ወጥቼ ሳልገዛ ተመለስኩ። ጥፋቱ የአፍንጫዬ ነው። ከከብት ተራው ጥግ አንድ ሰውዬ በቅቤ የታሸ የቆዳ መጫኛ ጠምጥሞ ይሸጣል። ዛሬ ሰው ሁሉ ጭነቱን የሚያስረው በናይለን ገመድ አይደል፤ መጫኛ ካየሁ ስንት ዘመኔ! ሳላስበው ጎንበስ ብዬ አሸተትኩት። ማሽተት ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ አንዱን አንስቼ ፊቴ ላይ ለጠፍኩት።

«እማማ፣ እንዳይበሉት፤ ቆዳ ነው» አለኝ ሰውየው እየሳቀ።

«ዝም በል አንተ! ቆዳ መሆኑን አንተን ልጠይቅ ነው?» አልኩት። የተቆጣሁ መሰለው። እኔ ግን ዓይኔ እንባ ሞልቶ ስለነበር ነው የጮህኩት። ሰው እንባው ሲመጣበት መቆጣት ይቀለዋል።

የከብት ቆዳ፣ የቆየ ቅቤና የዝናብ እርጥበት ሲቀላቀሉ የሚሰጡት ሽታ ነው። ለሌላው ሰው ምናልባት ይከረፋል። ለእኔ ግን የአንድ ዓመት ሽታ ነው፤ ከፋሲካ እስከ ፍልሰታ ያለው፣ ጣልያን ቡሬ ላይ መሽጎ የተቀመጠበት ዘመን።

አገራችን በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል፣ ከመንገዱ ገባ ብሎ ነው። ከመንደራችን ሥር ጥቁር ውኃ የምንለው ወንዝ ያልፋል። ወንዝ ማለቴ በክረምት ነው። በበጋ ፍየል ሳትረጥብ ትሻገረዋለች። ጠባብ ነው፤ ነገር ግን ግራና ቀኙ ገደል ስለሆነ፣ ዝናብ ሲጥል ውኃው ሥር ላይ ታንቆ እያጓራ ይወርዳል። በእኛ በኩል ገደሉ አፍ ላይ አንድ ትልቅ ሾላ ቆሟል። አንዱ ቅርንጫፉ ወደ መንደሩ፣ ሌላው ወደ ወንዙ ተዘርግቷል።

አባቴ በዚያ ዓመት ዱር ገብቶ ነበር። ጠመንጃውን ይዞ ሲሄድ አይቻለሁ። ከዚያ በፊት ጠመንጃ ይዘው ዱር የሚገቡ ያየኋቸው ድኩላ አዳኞች ብቻ ናቸው። ስለዚህ እኔ በሰባት ዓመት ጭንቅላቴ ጣልያን ማለት አንድ ክፉ አውሬ ነው ብዬ ደመደምኩ። ቡሬ ላይ ሆኖ ሲያጓራ ንፋስ ካመጣው እንሰማዋለን፤ ለካ የጭነት መኪናው ነው። አንድ ቀን አያ ቸሬን ጠየቅኋቸው።

«አያ፣ ጣልያን ጭራ አለው?»

አሰቡበት። ጢማቸውን ጎተት ጎተት አደረጉ። «አለው እንጂ» አሉኝ። «ጭራው ጭስ ነው። በሄደበት ይጎትተዋል።»

እንዲህ ነበሩ አያ ቸሬ። የእናቴ አጎት ናቸው፤ ወላጆቿ ሲሞቱባት ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። አባቴ ሲሄድ «አለምነሽን አደራ» ብሏቸው እኛ ቤት ገቡ። ቀጭን፣ ጢማም፣ ጉረኛና ነገረኛ ሰው ነበሩ። ያልሞከሩት ሙያ፣ ያላወቁት ነገር አልነበረም፤ ግማሹ ውሸት ነው። አንድ ጊዜ ቀፎ ልሠራ ብለው የሠሩት ውስጥ ድመት ወለደችበት። ዥዋዥዌ ላይ ግን እውነታቸውን ነው፤ በአገሩ አቻ የላቸውም።

በእኛ መንደር ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ፣ ጾም ስግደት በሌለበት በዚያ በደጉ ጊዜ፣ ሾላው ላይ ዥዋዥዌ ይሰቀላል። የሚሰቅሉት አያ ቸሬ ናቸው። መጫኛውን ሁዳዴ ሙሉ ደጅ ተቀምጠው ሲያሹት ይከርማሉ። ለፋሲካ ተብሎ የተሰበሰበውን ቅቤ እያነሱ ነው የሚያሹት። እናቴ ታዲያ፣ «እኛ ጾም ይዘን መጫኛው ቅቤ ይበላል! አንቱ፣ ለፋሲካ ምን ልናነጥር ነው?» ትላለች። እሳቸውም «መጫኛ ክርስትና አልተነሣም፤ አይጾምም» ይላሉ። ለመቀመጫ አሮጌ ቀንበር በሁለት ጫፉ ያስሩበታል። ከመነሻው ዘንድ አንድ ድንጋይ አለ፤ እሱ ላይ ወጥተህ ቀንበሩ ላይ ትቀመጥና ይለቁሃል።

ደንቡ ከባድ ነው፤ የሚገፋ የለም። በሌላ መንደር እየገፉ ይጫወታሉ አሉ። አያ ቸሬ ዘንድ ግን የገፋ ሰው ለዚያ ዓመት ከሾላው ይባረራል። «ሰውየው በራሱ ከፍታ ይሂድ» ይላሉ። «ግፊት የሰው ብድር ነው።»

በዚያ ዓመት ፋሲካ ማግሥት ክርክር ተነሣ። ክብደት ያለው ነው ወይስ ቀላል የሆነው ነው ከፍ የሚል? እኔ እንጨት የመሰልኩ ልጅ ስለነበርኩ አልጠራጠርም፤ ላባ ከድንጋይ ይልቅ ይበራል አይደል? የቄሳችን ሚስት ደግሞ አምላክ አብዝቶ የሰጣቸው ሰው ነበሩ፤ ሲሄዱ መሬቱ ያውቃል። ሁለታችንንም ከአንድ ድንጋይ ለቀቁን። መጀመሪያ እኔ ሄድኩ፤ ወዲያ ማዶ ስደርስ እግሬ አንዲት የተጎነበሰች ቅጠል ነካ። ቀጥሎ እሜቴ ሄዱ። ቅርንጫፉ አቃሰተ፤ ሴቶቹ «ማርያም! ማርያም!» አሉ። የእሳቸውም እግር ያችኑ ቅጠል ነካ።

ተናደድኩ ነው የምላችሁ። በዓለም ላይ ያለኝ ሀብት ቅለቴ ነበር፤ እሱም ዋጋ የለውም ሆነ። «አጭበርብራችኋል!» ብዬ አለቀስኩ። አያ ቸሬ እየሳቁ ድንጋዩ ላይ አስቀመጡኝ።

«ስሚ» አሉኝ። «እዚህ ድንጋይ ላይ ስትቆሚ ከፍታ አለሽ። ሲለቁሽ ከፍታው ወዴት ይሄዳል? ሩጫ ይሆናል። ታች፣ መሐሉ ላይ፣ ከፍታሽ ሁሉ አልቆ ሩጫ ብቻ ትሆኛለሽ። ወዲያ ስትወጪ ደግሞ ሩጫው መልሶ ከፍታ ይሆናል። ሩጫሽ ሲያልቅ ትቆሚያለሽ። ምንም የጠፋ ነገር የለም፤ ልብስ ለወጠ እንጂ። ከተነሣሽበት በላይ ግን አትወጪም፤ ከየት አምጥተሽ?»

«ታዲያ ሁለተኛ ስመለስ ለምን ዝቅ እላለሁ?»

«ንፋስ ግብሩን ይቆርጣላ! መጫኛውም ይቆርጣል፣ ቅርንጫፉም ይቆርጣል። ግብር የማይቆርጥ አለ?»

ከዚያ ሰው መሰብሰቡን አዩና ጉራቸው ተነሣ። ቀንበሩን ፈትተው በቦታው ሁለት እጅ የማያቅፈው ድንጋይ አሠሩበት። ጀርባቸውን ግንዱ ላይ ለጥፈው ድንጋዩን እስከ ጢማቸው ጫፍ ሳቡና ለቀቁት። ድንጋዩ ውልብ ብሎ ሄደ፤ ከዚያ ተመለሰ። አቤት አመጣጡ! ሴቶች ዓይናቸውን ሸፈኑ። እሳቸው ንቅንቅ አላሉም። ድንጋዩ ጢማቸው ጋ ሲደርስ ቆም ብሎ፣ እንደ ማሽተት አድርጎ ተመልሶ ሄደ።

ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አይቼ ስለነበር፣ በጸሎት ያቆሙት መስሎኝ ጸሎቱን እንዲያስተምሩኝ ለመንኳቸው። «የትኛውን?» አሉ። «ከድንጋዩ ፊት ያሉትን።» ጎንበስ ብለው በጆሮዬ፣ «እሱማ ‘ወይኔ ቸሬ’ ነው ያልኩት። ፈርቼ ነው» አሉኝ። «ድንጋዩ እንደማይነካኝ አውቃለሁ፤ ጉልበቴ ግን አያውቅም።»

የአባቴ ታናሽ ወንድም ይግዛው ያን ጊዜ ጺሙ ገና ማቆጥቆጡ ነው። ለሰፈሩ ልጃገረዶች መታየት ይወዳል። «ይቺ ምን አላት!» ብሎ እሱም ግንዱ ላይ ተለጠፈና ድንጋዩን ለቀቀ። መልቀቅ ብቻ ቢሆን መልካም፤ እንዲያምርለት ብሎ ጥቂት ገፋ አደረገው። ድንጋዩ የተሰጠውን ብድር ይዞ ተመለሰ። የፊት ጥርሱን አጣት።

«ካልጠገቡ አይዘሉ፣ ካልዘለሉ አይሰበሩ» አሉ አያ ቸሬ፤ ደሙን ግን በገዛ ጋቢያቸው ጠረጉለት። ከዚያ ወዲያ ይግዛው ሲስቅ ፉጨት ይወጣዋል። የሚገርመው፣ ልጃገረዶቹ ያን ጊዜ ነው የወደዱት።

ጰራቅሊጦስ አለፈ፣ መጫኛው ወረደ፣ ሰኔ ገባ። በጥቁር ውኃ ላይ ሁለት ግንድ ተጋድሞ የተሠራ ድልድይ ነበረን። ከማዶ ያለው መንገድ ወደ ቡሬ ይወስዳል። ጣልያን በዚያ በኩል ያሉትን ጎጆዎች እህል እየዘረፈ ነው ተባለ። ሽማግሌዎቹ ሾላው ሥር ተሰብስበው መከሩና፣ ወንዙ ሳይሞላ ድልድዩ ይውደም፣ እስከ መስቀል የሚሠራው አይኑር ብለው ተማማሉ። መጥረቢያውን የያዙት አያ ቸሬ ናቸው። ግንዶቹ ገደል ሲገቡ እልል ተባለ፤ እኔም እልል አልኩ። አውሬው ሊመጣብን አይችልማ!

እናቴ ብቻ እልል አላለችም። እርጉዝ ናትና ሆዷን ይዛ ቆማ፣ «ጣልያንን ስታግዱ እትዬ ውዴንም አገዳችሁብኝ እኮ» አለች። አያ ቸሬ መጥረቢያውን እንደያዙ ቀሩ። ይህን አላሰቡትም ነበር። ከሽማግሌዎቹም ያሰበው አልነበረም፤ ሁሉም ወንዶች ናቸዋ።

እትዬ ውዴ አዋላጅ ናቸው፤ ቤታቸው ከማዶው ጉብታ ላይ ነው። እኔን ያዋለዱት እሳቸው ናቸው። ከእኔ በኋላ እናቴ ሁለት ጊዜ ወልዳለች። አንዴ እትዬ ውዴ ታመው፣ አንዴ ለሰርግ ፈረስ ቤት ከተማ ሄደው ሌላ ሰው አዋለዳት። ሁለቱም ልጆች አልተረፉም። በሁለተኛው እናቴም ከሞት ለጥቂት ነው የተመለሰችው። «ያለ እትዬ ውዴ ምጥ ከያዘኝ አልነሣም» ትላለች። እንዲህ ስትል ሳቅ ብላ ነው፤ ነገር ግን ስትናገር የነካችውን ነገር ሁሉ አጥብቃ ትይዛለች። ቀኗ ከመስቀል በኋላ ነው ስለተባለ ሁሉም ራሱን አጽናና።

እኔ ስለ ልጅ አመጣጥ የነገሩኝን አምኜ ተቀምጫለሁ። «እትዬ ውዴ ልጅ ይዘውልሽ ይመጣሉ» ነው የተባልኩት። ስለዚህ ከማዶው ጉብታ፣ እሳቸው ቤት ውስጥ፣ እንደ ቅል ተደርድረው የሚጠብቁ ብዙ ልጆች እንዳሉ ነበር የማስበው። የእኔን እኅት ወይም ወንድም ዝናብ እንዳይነካብኝ እሰጋለሁ።

ፍልሰታ ገባ። ሰማዩ ሌሊትም ቀንም ያፈሰዋል። አንድ ቀን ቅዳሴ ሳይወጣ እናቴ ምሰሶውን ይዛ ቆመች። ሰው ስታይ ፈገግ ልትል ሞከረች፤ አልሆነላትም። «አያ» አለች፣ «ያለ ቀኑ መጣብኝ።»

አያ ቸሬ ከጉብታ ጉብታ ሰው በመጥራት ይታወቃሉ። ሾላው ሥር ሮጠው ሁለት እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉና፣ «ኧረ እትዬ ውዴ ሆይ! አለምነሽን ምጥ ያዛት!» ብለው ጮሁ። ሦስተኛው ጥሪ ላይ ከማዶ «ሰማሁ! መጣሁ!» የሚል መጣ። ብዙም ሳይቆይ እትዬ ውዴ ዕቃቸውን በነጠላ ጠቅልለው፣ ከልጆቻቸው ጋር የገደሉ አፍ ላይ ደረሱ። ከሥራቸው ወንዙ ጥቁር ሆኖ ይጮኻል። ቆመው አዩትና፣ «እኔ አሣ ነኝ?» አሉ።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ እትዬ ውዴ ከቄሱ ሚስትም ይገዝፋሉ። ድልድይ ይሠራ ቢባል መሐላ አለ፤ መሐላው ቢፈርስም ግንድ ተቆርጦ፣ ተጎትቶ፣ ተጋድሞ እስኪያልቅ ይመሻል። እናቴ ደግሞ እስኪመሽ አትቆይም። በዚያ ጭንቅ አያ ቸሬ ሾላውን ቀና ብለው አዩት፤ ወደ ወንዙ የተዘረጋውን ቅርንጫፍ።

«ይግዛው፣ መጫኛዎቹን ሁሉ አምጣ» አሉ። «ከየቤቱ ለምነህ አምጣ። እንገምዳቸዋለን።»

ይግዛው ገባው። «አያ፣ ቀልድ ነው? እትዬ ውዴን?»

«የጨነቀው እርጉዝ ያገባል» አሉት። «ሂድ ስልህ!»

የተገመደውን መጫኛ ቅርንጫፉ ጫፍ ላይ፣ ልክ ከወንዙ መሐል በላይ አሠሩት። ቀንበሩን አንጠለጠሉበት። እንዲያው ባዶውን ከእኛ በኩል ሲለቁት፣ የእኛ ገደል ከፍ ያለ ነውና፣ ማዶ ደርሶ በላያቸው አለፈ፤ ሲመለስ የእትዬ ውዴ ልጆች ቀለቡት። ሁሉም «ይኸው!» ብሎ ጮኸ። አያ ቸሬ ግን ጠርጥረዋል። ከማዶ አንድ ስልቻ ድንጋይ ሞልተው ቀንበሩ ላይ አስረው እንዲለቁት አዘዙ። ስልቻው መጣ፣ መጣ፣ መጣ፤ ከእግራችን በታች፣ ገደሉ ግድግዳ አጠገብ ሲደርስ ቆመና ተመለሰ። አልደረሰም።

«ከብዶት ነው!» አለ አንዱ።

«አልከበደውም! ባዶውንም ብትለቀው እዚያው ነው የሚቆመው» ብለው ጮሁ አያ ቸሬ። «ያኛው ዳር ዝቅ ያለ ነው። ከተነሣበት በላይ ከየት አምጥቶ ይወጣል?» ከዚያ መላ ጠፋቸው። መላ ሲያጡ አይቼ አላውቅም ነበር፤ ፈራሁ። ከቤታችን በኩል የእናቴ ድምፅ መጣ። እንዲህ ያለ ድምፅ ከእናቴ ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። ሁላችንም ሰማን፣ ማዶም ተሰማ።

ይኼን ጊዜ እትዬ ውዴ ናቸው የተናገሩት። እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው፣ «አንቱ ቸሬ! ዝቅ ብዬ ከሆነ ከፍ ልበላ! ማማው ለምኑ ተሠራ?» አሉ።

ከኋላቸው የበቆሎ እርሻ አለ። እርሻው መሐል ዝንጀሮ የሚጠበቅበት፣ በአራት እንጨት የቆመ ማማ ነበር። ልጆቻቸው ነቅለው፣ ተሸክመው፣ ገደሉ አፍ ላይ ተከሉት። አያ ቸሬ በኋላ እስኪሞቱ ድረስ «ማማው የእኔ አሳብ ነው» ይሉ ነበር። ውሸታቸውን ነው፤ ቆሜ ሰምቻለሁ።

እትዬ ውዴ ማማው ላይ ሲወጡ ማየት ራሱን የቻለ ጉድ ነበር። ሁለት ልጆቻቸው ከታች ይገፋሉ፣ አንዱ ከላይ ይስባል፣ እሳቸው ሁሉንም ይሳደባሉ። በመጨረሻ ቀንበሩ ላይ ተቀመጡ፤ በጠፍር ከገመዱ ጋር ታሰሩ፤ ዕቃቸውን ጉያቸው ውስጥ ሸጎጡ።

«እትዬ፣ አይፍሩ! እጅዎን ጠበቅ፣ እግርዎን ሰብሰብ ያድርጉ!» ብሎ ጮኸ ይግዛው በፉጨት ጥርሱ።

«ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች! አንተን በእግርህ የሳብኩህ እኔ አይደለሁም?» አሉት።

የበኩር ልጃቸው ለእናቱ አስቦ፣ እንዲበረታላት ብሎ፣ ሊገፋ ጀርባቸው ላይ እጁን አደረገ። አያ ቸሬ ጋቢያቸውን ጥለው ዘለሉ። «አትግፋ! እንዳትገፋ! ከገፋሃት እዚህ ስትደርስ አትቆምም፤ ከግንዱ ጋር ነው የምትላተመው! ልቀቃት ብቻ!» ወደ እኛም ዞሩ። «እናንተ ስሙ። እዚህ ስትደርስ ሩጫዋ ያልቃል። ጥቂት ቆም ትላለች። ያን ጊዜ ነው የምትይዟት። ሳትቆም ብትነኳት ይዛችሁ ትሄዳለች፤ ቆይታችሁ ብትነኳት ሄዳለች።»

ለቀቋቸው።

እኔ አያ ቸሬ እግር ሥር ነበርኩ። እትዬ ውዴ ማማውን ትተው ወደ ወንዙ ወረዱ፤ ነጠላቸው ተነሣ፤ መሐሉ ላይ ሲደርሱ ሩጫ ብቻ ሆኑ። «እመ ብርሃን!» የሚለው ጩኸታቸው ከእሳቸው ቀድሞ ደረሰን። ከዚያ ወደ እኛ መውጣት ጀመሩ፤ እየገዘፉ፣ እየገዘፉ። ምን ልበላችሁ! የጭድ ክምር የሚያክል ሰው ከገደል ወጥቶ ሲመጣባችሁ እስኪ ቆማችሁ ጠብቁ። ሊይዟቸው የተሰለፉት ጎረምሶች ሁሉ በአንድነት ወደ ኋላ ሸሹ! የቆሙት አያ ቸሬ ብቻ ናቸው። እትዬ ውዴ ፊታቸው ላይ ደርሰው ቆም አሉ፤ ሁለቱ ተያዩ። አያ ቸሬ ቀንበሩን በአንድ እጃቸው ያዙ። አንድ ሽማግሌ ምን ያቆማል? አመለጣቸው። እትዬ ውዴም፣ «እናንተ ፈሪዎች!» እያሉ ወደ መጡበት ተመለሱ።

ማማው ላይ ያሉት ልጆቻቸው እጃቸውን ዘረጉ። እናትየው ያን ሲያዩ፣ «አትንኩኝ! ከያዛችሁኝ ዳግመኛ ማማ አልወጣም! ተዉኝ ልሂድ!» ብለው ጮሁ። ልጆቹ እጃቸውን ሰበሰቡ። እትዬ ውዴ እንደገና ወረዱ።

አያ ቸሬ ፊታቸው አመድ መስሏል። «ግብር ተቆርጧል» አሉ። «ዝቅ ብላ ነው የምትመጣ። ይኼ ካመለጠን ሌላ የለም። ይግዛው፣ ተኛ!»

ይግዛው በሆዱ ገደሉ አፍ ላይ ተኛ። ሌሎቹ እግሩን ያዙ፤ እኔም አንድ ጣቱን ያዝኩ። እትዬ ውዴ መጡ። አሁን አይጮኹም። ጭንቅላታቸው ብቻ ከገደሉ በላይ ታየ። «ቆይ» አሉ አያ ቸሬ፤ «ቆይ… ቆይ… አሁን!» ይግዛው ሁለት እጁን ሰደደና መቀነታቸውን ጨበጠ። እግሩን የያዝን ሁሉ ወደ ፊት ተንሸራተትን። ከዚያ አንዱ ገመዱን፣ አንዱ ቀንበሩን፣ አንዱ ክንዳቸውን ያዘ፤ እየጎተትን ጭቃው ላይ ዘረርናቸው።

ጠፍሩ ሲፈታላቸው ተነሡ። ይግዛውን በጥፊ አሉት። «ይኼ ለመጀመሪያው» አሉ። ከዚያ ጉንጩን ሳሙት። «ይኼ ለሁለተኛው። የታለች ልጄ?» ብለው ወደ ቤታችን ሮጡ። እንዲያ ያለ ሰው እንዲያ ሲሮጥ ከዚያ ወዲህ አላየሁም።

ሰው ሁሉ ተከተላቸው። እኔ ግን አልሄድኩም። ልጁ አልመጣማ! እትዬ ውዴ እጃቸው ባዶ ነበር፤ ጉያቸውንም በደንብ አይቻለሁ፣ ዕቃቸው ብቻ ነው። መጫኛው ባዶውን ወዲያና ወዲህ ይላል። ልጁን አሁን ያስሩታል፣ አሁን ይለቁታል ብዬ ቆሜ ጠበቅሁ። የእትዬ ውዴ ልጆች ግን ማማቸውን መንቀል ጀመሩ።

«ልጁንስ?» ብዬ ጮህኩ።

«የምን ልጅ?»

«የእኛን! ረሳችሁት እኮ!»

ሰምተው ሳቁብኝ። በንዴት እየተንሰቀሰቅሁ ወደ ቤት ሮጥኩ። ይኼ ሁሉ ተደክሞ ልጁ ማዶ ቀረ ብዬ ለእናቴ ልነግራት ነው። አያ ቸሬ ደጅ፣ ዝናቡ ላይ ተቀምጠዋል። ወንዶቹ ሁሉ ራቅ ብለው ቆመዋል። ከውስጥ ምንም አይሰማም። «አያ፣ ልጁን ረስተውታል» አልኳቸው። አልሳቁም። ጎትተው ጋቢያቸው ውስጥ አስገቡኝ። ልባቸው ሲመታ ጆሮዬን ይገፋኝ ነበር። «ያን ድልድይ እኔ ነኝ የቆረጥኩት» አሉ። «እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ።» ያን ጊዜ ነው እናቴ ልትሞት እንደምትችል የገባኝ። ማልቀሴን አቆምኩ፤ ከማልቀስ በላይ ነበር።

ብዙ ቆየን። ከዚያ ከውስጥ አንድ ቀጭን ነገር ጮኸ። እኔ ድመት መሰለኝ። አያ ቸሬ ግን ብድግ ሲሉ እኔም ከጋቢው ወደቅሁ።

እልልታው መጣ። አንድ፤ ሁለት፤ ሦስት። ከዚያ ጸጥ አለ። ለወንድ ሰባት ነው፣ ለሴት ሦስት፤ አገሩ ሁሉ የሚያውቀው ነው። ወንዶቹ «እሰይ፣ ሴት ናት» እያሉ መንጎራደድ ጀመሩ። አያ ቸሬ አልተንቀሳቀሱም፤ እሳቸው የሚጠብቁት የሕፃኗን ድምፅ አልነበረም።

ይኼን ጊዜ የእትዬ ውዴ ድምፅ ግድግዳውን አለፈ።

«ምነው? ምላሳችሁ ታሰረ?»

«ሴት ናት እኮ፣ እትዬ» አለች አንዷ።

«ሴት ብትሆንስ? እኔ በዚህ ዕድሜዬ እንደ ሥጋ ተንጠልጥዬ፣ ያውም ሁለቴ ወንዝ የተሻገርኩ፣ ለሦስት እልልታ ነው እንዴ? ሰባቱን ትጨርሱ እንደሆን ጨርሱ! አለዚያ በመጣሁበት እመለሳለሁ!»

ሴቶቹ ሳቁ። ገና ሳቃቸው ሳያልቅ፣ ከመሐላቸው አንድ የደከመ፣ የተቆራረጠ፣ ትንፋሽ ያጠረው እልልታ ተነሣ። አያ ቸሬ ሰምተው ጭቃው ላይ ተንበረከኩ። አራተኛዋን ያለቻት እናቴ ነበረች።